ከፈረንጅ አራዳ የወጣ ሌተራ 22፣ ሞካና ሬድዮ፦ ይታደስ ወይስ ባለበት ይጠበቅ?

ይህ የኢንተርኔት ውይይት ክር የተከፈተው በሦስት ፎቶና በአንድ ረጅም ጥያቄ ነው። ጠያቂው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ከአንድ የቆየ ቤት ዕቃ ሲወጣ ሦስት ነገር ገዝቷል፦ ዚፕ ካለው ሻንጣው ጋር የተገኘ ኦሊቬቲ ሌተራ 22 የጽሕፈት መኪና፣ ባለ ስምንት ማዕዘን የአሉሚኒየም ሞካ፣ ማለትም በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማፍያ፣ የጀርባ ክዳኑ የጠፋ የባክላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ሬድዮ። ሦስቱንም የጣልያን ጊዜ ዕቃ ብሎ ጠርቷቸዋል። ያሰበውንም ዘርዝሯል፤ መኪናውን ጋራዥ ወስዶ ጥቁር ቀለም ማስረጨት፣ ሞካውን በአመድና በሽቦ ፈግፍጎ ማብራት፣ ሬድዮውን ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር። የጽሕፈት መኪናው አራት አምስት ፊደላት ሲመቱ ወረቀቱ ጋ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ካሬጁ፣ ማለትም የጎማውን ጥቅልል ተሸክሞ ወደ ግራ የሚሄደው ክፍል፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጥያቄው የትኛውን ላስቀድም የሚል ብቻ ነበር። ምላሹ ግን ሃያ አንድ ደረሰ፣ ከቅደም ተከተልም ብዙ ርቆ ሄደ። እኔ በተራ ቁጥራቸው የማስቀምጣቸው ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር ስላለባቸው ነው። ለይቼ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ምክንያቱ 3ኛው ምላሽ ላይ ይታያል።

1ኛው መላሽ በአንቱታ ጀምሮ ሦስቱንም ሥራ ለጊዜው እንዲተዉት ጠያቂውን ለመናቸው። ምንም ዓይነት ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ዕቃው ከስድስቱም በኩል ፎቶ ይነሣ፤ ሥሩ፣ የክዳኑ ውስጥ፣ የሻንጣው ኪስ ሳይቀር። አቧራው ሥር የሻጭ ሱቅ ወረቀት፣ ጠጋኝ በእርሳስ የጻፈው ምልክት ወይም የቮልቴጅ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ይህ አንዴ ከታጠበ ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምስክር የለም። ከፎቶው በኋላ የሚፈቀደው ደረቅ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ብቻ ነው፤ ውሃም ዘይትም ገና ነው።

2ኛው ቀጥታ ወደ ዘመኑ ገባ። ሌተራ 22 የወጣው በ1950 ነው፤ ቅርጹ የማርቼሎ ኒዞሊ፣ የውስጥ አሠራሩ የኢንጂነር ጁዜፔ ቤቾ ነው። ጣልያን ከጅማ የወጣው በ1941 ስለሆነ መኪናው የወረራው ዘመን ዕቃ ሊሆን አይችልም። መላሹ ይህን ያለው ዕቃውን ለማሳነስ እንዳልሆነ አስረድቷል፤ እንዲያውም በ1954 ኮምፓሶ ዶሮ የሚባለው የጣልያን የዲዛይን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተሸለሙት አንዱ ይኸው መኪና ነበር፤ ኒውዮርክ ባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥም ይገኛል። 3.7 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መኪና በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ገዢ እንዲያይ የመከረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከኋላ የተጻፈው የተሠራበት ከተማ ነው፤ ኢቭሬያ ከሆነ የጣልያን፣ ግላስጎ ከሆነ የብሪታንያ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ባርሴሎና የተሠራው ደግሞ ፕሉማ 22 በሚል ስም የተሸጠው ነው። ሁለተኛው የላይኛው የፊደል ረድፍ ነው፤ ከግራ ሁለተኛው ፊደል ዜድ ከሆነ ለጣልያን ገበያ፣ ደብልዩ ከሆነ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የተሠራ ነው። ሌተራ 32 ከ1963 ወዲህ የመጣ ታናሽ ወንድሙ ስለሆነ በ22 ስም እንዳይሸጥላቸውም አስጠንቅቋል።

3ኛው ለጠያቂው ጠበቃ ሆኖ መጣ። መኪናውስ ይሁን፣ ሞካው ግን በ1933 የተፈጠረ መሆኑ የታወቀ ነው፤ 1933 ደግሞ ጣልያን ሀገሩን ለቅቆ የወጣበት ዓመት ስለሆነ ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ዕቃ መሆን አለበት የሚል ነው ክርክሩ።

ስህተቱ የብዙ ሰው ስህተት ስለሆነ 4ኛው ምላሽ ሰፋ አድርጎ አረመው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አልፎንሶ ቢያሌቲ ሞካውን ያወጣው እንደ አውሮፓ በ1933 ነው፤ ያ በእኛ 1925 ወይም 1926 ዓ.ም. ይሆናል። ጣልያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ሲሆን እርሱ እንደ አውሮፓ 1941 ነው። ሁለት የተለያዩ 1933ዎች ተገናኝተው አንድ ታሪክ ፈጠሩ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከጦርነቱ በፊት ሞካ ገና የአካባቢ ዕቃ ነበር፤ አልፎንሶ በራሱ አውራጃ ገበያዎች ነበር የሚሸጠው። በብዛት ተመርቶ በየቤቱ የገባው ከጦርነቱ በኋላ ልጁ ሬናቶ ድርጅቱን ሲረከብ ነው። ጢም ያለው፣ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረው ትንሽ ሰው ደግሞ የ1950ዎቹ ሥዕል ነው። ስለዚህ ሞካው ጎን ላይ ያ ሰው ካለ ከዚያ በኋላ የተሠራ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ከሌለ ግን አሮጌ ነው ማለት አይደለም፣ ምስሉ ተፍቆ ሊሆን ይችላል ወይም የሌላ ፋብሪካ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሽቦና አመድ መጀመሪያ የሚበሉት ይህን ምስል ስለሆነ መለያው በጠያቂው እጅ ሊጠፋ ነበር።

5ኛው የክሩ ዋና ሥራ ነው። የተጣበቁት ፊደላት የታመሙት ክንዶቹ በሚቀመጡበት ግማሽ ክብ ብረት ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ነው። እያንዳንዱ የፊደል ክንድ በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሲመለስ የሚረዳው የራሱ ክብደትና በጣም ቀላል ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሙጫ የሆነ ዘይት፣ የሪባን ቀለምና አቧራ ከበቂ በላይ ያቆመዋል። ብዙ ሰው መኪናው የደረቀ መስሎት ዘይት ይጨምራል፤ ለአንድ ሳምንት ይሠራና ከበፊቱ ብሶ ይጣበቃል፣ ምክንያቱም ዘይቱ አዲስ አቧራ ይሰበስባል። መድኃኒቱ ማድረቅ ነው። ሪባኑ ይወጣል፤ መኪናው ፈሳሹ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጪ እንዲፈስ በጀርባው ይቆማል፤ ከሥሩ ጋዜጣ ይነጠፋል። በጥርስ ብሩሽ ትንሽ ማጽጃ ስንጥቆቹ ላይ ብቻ ይቀባል፤ ከዚያ የተያዘው ፊደል ሃያና ሠላሳ ጊዜ በእጅ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ ጥቁር ፈሳሽ ሲወርድ በጨርቅ ይጠረጋል። ይህ ሦስት ዙር ይደገማል። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ እንደገና ይሞከራል። ዘይት የሚገባው ካሬጁ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ። መላሹ ለማጽጃነት የመከረው ነጭ ጋዝ ነበር።

6ኛው አካሄዱን ሁሉ አመስግኖ ነጭ ጋዙን ብቻ ነቀፈ፤ ልክ ነው። ነጭ ጋዝ ሲደርቅ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ያ ቅባት በጅማ እርጥበት እንደገና ሙጫ ይሆናል። የሚሻለው ሲጋራ መለኮሻ የሚሞላበት የላይተር ቤንዚን ነው፤ ሳይተርፍ ይተናል። ቲነር ፈጽሞ አይነካም፣ የገላውን ቀለምና የፕላስቲክ ቁልፎቹን ያሟሟል። አልኮልም በቀለም አጠገብ አደገኛ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደጅ ነው፤ ቡና የሚፈላበት፣ ከሰል የተያያዘበት ቤት ውስጥ ቤንዚን መክፈት ቤት ማቃጠል ነው።

7ኛው መላሽ ካሬጁን ያዘ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የሄደው። መጀመሪያ የጉዞ መቆለፊያው ይታይ፤ መኪናው በሻንጣ ሲጓዝ ካሬጁ እንዳይንቀሳቀስ የሚያዝበት ማንሻ ነው፣ ብዙ የተሰበረ የተባለ መኪና ተቆልፎ የቀረ ብቻ ነው። ቀጥሎ የኅዳግ ማቆሚያዎቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው እንዳልቀሩ ይታይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ካሬጁ በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም መጎተት ወዲያ ወዲህ ከሄደ የተበጠሰው ካሬጁን ከሞላው ከበሮ ጋር የሚያገናኘው ክር ነው። ምትኩ የጫማ ሰፊ ሰም የተቀባ ክር ወይም ጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ አስጠንቅቋል፦ ከበሮው ከተለቀቀ ሞላው በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ውስጡ ሊታጠፍ ወይም መያዣው ሊነቀል ይችላል፤ ጣት ከላዩ አይነሣ። ክሩ ከታሰረ በኋላ ከበሮው ሦስት ዙር ይጠመዘዛል፤ ከዚያ የክፍተቱን ቁልፍ እየመቱ ካሬጁ እስከ መጨረሻው ዓምድ ድረስ ራሱ መሄዱ ይታያል፤ መጨረሻው ላይ ከደከመ ግማሽ ዙር ይጨመራል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ሞላ ደግሞ ፊደል ያዘልላል፣ የማስመለሻ ማንሻውንም ያከብዳል።

8ኛው አጭር ጥያቄ ነው፤ ሪባን ከየት ይገኛል የሚል። ዝም ብሎ አላለፈም፣ መልሱንም ራሱ ጨምሮበታል፦ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደው ሪባን ይሆናል፤ አሮጌዎቹ መጠቅለያዎች ግን አይጣሉ፣ አዲሱ መጠቅለያ ካልገጠመ ጨርቁን ፈትቶ በአሮጌው ላይ መጠቅለል ነው።

በ9ኛው ርዕሱ ማፈንገጥ ጀመረ። ጸሐፊዋ የአማርኛ ፊደል ያለው ኦሊቬቲ ሐሙስ ገበያ ላይ ሲሸጥ ምን አይቶ መግዛት እንደሚገባ ጠየቀች፤ የፊደሉ ብረት ከክንዱ ጋር በብየዳ የተያያዘ ከሆነ በኋላ የተለወጠ ነው ስለሚባል።

10ኛው ይህን በትሕትና ግን በማያወላዳ ቃል አረመ። የፊደል ብረት ከክንዱ ጋር የሚያያዘው ከፋብሪካም ቢሆን በብየዳ ነው፤ ስለዚህ ብየዳ መኖሩ ምንም አይመሰክርም። መታየት ያለበት ንጽሕናው ነው፦ የሁሉም ክንድ ብየዳ አንድ ዓይነት ቀጭንና ለስላሳ ከሆነ ከፋብሪካ ነው፤ አንዳንዱ ያበጠ፣ አንዳንዱ የጠቆረ ከሆነ ተቀይሯል። ሁለተኛው ማስረጃ ወረቀት ነው። የተለወጠ ፊደል መስመሩን ስቶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የአማርኛ መኪና ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል፤ ለሁሉም ፊደል የሚበቃ ቁልፍ ስለማይኖር ዋናውና የድምፅ ምልክቱ ተለያይተው ይመታሉ፣ ምልክቱ ካሬጁን ሳያስኬድ በዋናው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ገዢ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ እስከ ፐ ድረስ አስመትቶ ማየት አለበት፤ ምልክቶቹ ከፊደሉ ተነጥለው ከወደቁ የማስተካከሉ ሥራ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ኢንጂነር አያና ብሩን ሳይጠቅስ እንዳይነገርም አሳስቧል።

11ኛው የሞካው ነው፤ ቃሉም ከእስካሁኑ ሁሉ ከረር ያለ ነው። አመድ ድስት ያነጻል ተብሎ አሉሚኒየም ላይ መጠቀሙን አጥብቆ ነቀፈ። አመድ አልካሊ ነው፤ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ያጠቁራል፣ ደቃቁ ጠጠር ደግሞ ይፍቃል። በረኪናም እንዲሁ። ውስጡ ያለው ግራጫ ሽፋን ቆሻሻ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ያበጀው መከላከያ ነው፤ ነጭ ዱቄት ከሥሩ ጉድጓድ ካወጣ ግን ያ ዝገት ነው፣ መነሻውም ውሃ ውስጡ ትቶ ጠምዝዞ መዝጋት ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ሞካው ለመደርደሪያ ይሁን እንጂ ቡና አይፈላበት።

ለማፍላት ከተፈለገ የደኅንነት ቫልቩ ይቅደም ይላል ይኸው ምላሽ። በታችኛው ክፍል ጎን ላይ ያለችው የነሐስ ቁልፍ ናት፤ ከውስጥ በእንጨት ጫፍ ስትገፋ ገብታ መመለስ አለባት። ካልተንቀሳቀሰች የሎሚ ጭማቂ በሞላ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ትደር፤ ያኔም ካልለቀቀች እሳት ላይ አይጣድ፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ሞካው ይፈነዳል። ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው የማሸጊያ ጎማ፣ እንደ ድንጋይ ከደረቀ የውጭና የውስጥ ዳያሜትሩን በሚሊ ሜትር ለክቶ በሲሊኮን መቀየር ነው። ከዚያ ውሃው ከቫልቩ በታች ብቻ ይሞላል፤ ቡናው ሳይጠቀጠቅ ይደለደላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሎች ይደፋሉ። ከሰል ላይ ሲጣድ የባክላይት እጀታው ከምድጃው ጠርዝ ውጪ ይሁን፤ ባክላይት አይቀልጥም ግን ይነድዳል፣ ይሰነጠቃል።

12ኛው ቡናው በጀበና መፍላቱ እያለ፣ ያውም ጅማ ተቀምጦ፣ ስለ ሞካ ይህን ያህል መጻፍ ያሳዝናል ብሎ ተቆጣ። 11ኛው ሰው አልመለሰለትም፤ ጥሩ አደረገ። ክሩ ስለ ቡና አልነበረም።

13ኛው ሬድዮው ላይ አተኮረ፤ ጸሐፊው ጥገና የሚያውቅ መሆኑ ያስታውቃል። አርባና ሃምሳ ዓመት ያልተከፈተ ባለ ቱቦ ሬድዮ በቀጥታ አይሰካም። የሰም ወረቀት ኮንደንሰሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ እርጥበት ስበው ኤሌክትሪክ ያፈስሳሉ፤ በተለይ ወደ መጨረሻው ቱቦ ድምፁን የሚያሻግረው ኮንደንሰር ካፈሰሰ ቱቦው ግሎ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመሩንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀየረው እርሱ ነው፣ ቀጥሎ የኃይል ማጣሪያዎቹ። ከዚያም በፊት የቮልቴጅ መምረጫው ይታይ፤ የዚያን ዘመን የጣልያን ሬድዮ 110፣ 125፣ 140፣ 160ና 220 የሚሉ ቦታዎች አሉት፤ ጣልያን ውስጥ ከተማው ሁሉ አንድ ቮልቴጅ አልነበረውም። 125 ላይ የቀረ ሬድዮ በእኛ 220 ከተሰካ በሰከንዶች ያልቃል። ለመጀመሪያው ሙከራ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ ይገባ፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ለአፍታ በርቶ ከፈዘዘ ተስፋ አለ። ትራንስፎርመር የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሻሲው፣ ማለትም የውስጡ የብረት መቀመጫ፣ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ የመዞሪያዎቹ ትንንሽ ብሎኖች ሳይቀሩ ይነዝራሉ። ክዳን የሌለው ሬድዮ ልጅ ባለበት ቤት አይቀመጥ።

ይኸው መላሽ ስለ ቅርጹ አንድ አንቀጽ ጨምሯል። ጠያቂው ሬድዮው ፎኖላ 547 እንደሆነ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሉዊጂ ካቻ ዶሚኒዮኒ ከሊቪዮና ከፒየር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ ጋር ሆኖ የሠራው፣ በ1940 ሚላን ትሪየናሌ በሚባለው የዲዛይን ኤግዚቢሽን ላይ የታየው ማለት ነው። እርሱ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ነገር ነበር፤ የእንጨት ሣጥን መምሰል ትቶ ባክላይቱ ራሱ ቅርጹን እንዲሰጥ የተደረገበት ሬድዮ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ግን የእንጨት ሣጥን ቅርጽ በባክላይት የተኮረጀበት ተራ ሬድዮ ነው። ተራ መሆኑ ግን ለመጣያ አያበቃውም፤ ያለ ስም ሰሌዳ ግን ማንም ስም እንዳይሰጠው።

14ኛው ላይ ንፋሱ ተለወጠ። ካፌ የማስዋብ ሥራ የሚሠራ ሰው ይመስላል። የማይሠራ መኪና ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ ማማር አለበት፤ ወርቃማ ቀለም የተቀባ የጽሕፈት መኪና መስኮት ላይ ሲቀመጥ ሰው ይስባል፤ ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛውን ቢቀባ ማን ነው የሚከለክለው፣ እናንተ በዕቃ የምታመልኩ ናችሁ የሚል ነበር።

15ኛውም በዚያው ልክ መለሰ፤ ከ9ኛው ጸሐፊ ጋር አንድ ሰው ናት። ስድቡን አልደግመውም፣ ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። የሚረጭ ቀለም ጭጋግ ሆኖ ስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ 5ኛው ምላሽ የገለጸው ጽዳት ከዚያ በኋላ አይሠራም። የፊደሎቹን ፊት ይደፍናል፤ ኢ እና ኦ ክብ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። መመለሻም የለውም፤ አዲሱን የሚያነሣው ቲነር የፋብሪካውን ቀለም አብሮ ይወስዳል። የኒዞሊ ሥራ ደግሞ ግማሹ ገላው ነው፤ ያ የደበዘዘ ቀለም፣ ያ ለስላሳ ጠርዝ፣ ከሁሉም መካከል አንዲቱ ቀይ ቁልፍ። ገላው የቆሸሸ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ ጥጥ ጨርቅ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን ሰም። ጭረት ይቅር። እኔም በዚህ ከእርሷ ጋር ነኝ።

16ኛው የአወያዩ ማሳሰቢያ ነው፤ ሁለቱም ሰው እንዳይነኩ።

17ኛው ከ14ኛው ጸሐፊ ነው፤ ለዘብ ብሎ ተመለሰ። ቢያንስ ውስጡ የተዘረፈ፣ ሞላውና ክንዶቹ የጠፉ ባዶ ገላ ለጌጥ ቢቀባ ጥፋት እንደሌለው ጠይቋል። ማንም አልተቃወመውም፤ አንድ ሰው ብቻ፣ የባዶ ገላ ብሎኖችና የጎማ እግሮች ለሌላ መኪና መለዋወጫ ስለሚሆኑ ቀድመው እንዲወጡ ጨምሯል። ያ 18ኛው ነው።

19ኛው ፈጽሞ ወደ ሌላ ሄደ፣ ግን የማይረሳ ነገር ነው። የፈረንጅ ዕቃ ሲፈለግ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ ወንበር ለምን ከዚህ ተርታ አይቆጠርም አለ። የፋብሪካ ሥራ አይደለም፣ የጠራቢው ስምም አልተጻፈበትም፤ ሦስት እግር ግን ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ የማይወዛወዝበት ምክንያት ከማንኛውም ዲዛይነር ያላነሰ ስሌት ነው። ለገዢ የሰጠው መመሪያ ጠቃሚ ነው፦ ወንበሩ ይገልበጥ፤ የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ወደ እግሩ ሳይቋረጥ ከወረደ ከአንድ ግንድ ነው፣ ሚስማር ወይም ሙጫ ከታየ ተጋጥሟል። ከቀዳዳው ነጣ ያለ ዱቄት አዲስ ከፈሰሰ ነቀዙ ሕያው ነው፤ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣ ፕላስቲኩ ሳይከፈት የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ቫርኒሽ አይቀባ። የቆዩ የቤት ዕቃዎች እንዴት ያለ ገላ እንደሚይዙ ማየት የሚፈልግ የጅማ ሙዚየም ያሉትን የአባ ጅፋር ዕቃዎች ይመልከት ብሎ ዘጋ።

ከዚያ ሥር አንድ ሰው በሁለት መስመር፣ ጅማ ውስጥ እውነተኛ የጣልያን ጊዜ ቅርስ የሚገኘው ጠጋኞች አፍ ላይ ነው ብሎ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉትን ቃላት ደረደረ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በቁጥር ስላልተለየ ከ19ኛው ጋር አኑሬዋለሁ።

20ኛው ስለ አቀማመጥ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ለጅማ የተጻፈ ምላሽ ይህ ነው። እዚህ ዕቃ የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ክረምት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ባዶ ብረት ይዝጋል፣ ቆዳና ጨርቅ ይሻግታል። የሚፈለገው ከ40 እስከ 55 በመቶ ነው፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከመደርደሪያው ላይ ይኑር። ሌተራው በክረምት ሻንጣው ውስጥ አይቀመጥ፤ ዚፑ እርጥበቱን ቆልፎ ይይዛል። ሻንጣው ለብቻው ተከፍቶ፣ መኪናው ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በላዩ አቡጀዲ ብቻ ተጥሎበት። ፕላስቲክ ከረጢት ከሻንጣው ይብሳል። ሲሊካ ጄል የሚባለው እርጥበት መጣጭ ጠጠር ጥሩ ነው፣ ግን ጠግቦ ቀለሙን ሲቀይር በ120 ዲግሪ ምድጃ ካልደረቀ ጠጠር ብቻ ነው፤ ሩዝ አይተካውም። ናፍታሊን አንዳንድ ፕላስቲክ ያለሰልሳል፣ ይራቅ። በየሁለት ሳምንቱ ሁሉም ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ ይመታ፣ ጥቅልሉም ይዙር፤ አንድ ቦታ ተጭኖ የቆየ ጎማ ይጎደጉዳል።

21ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ለ1ኛው መላሽ አመስግኖ፣ ጽዳት ሳይጀምር ያነሣቸውን ፎቶዎች ለጠፈ። መኪናው ኋላ ላይ ግላስጎ የሚል ተገኝቷል፤ የላይኛው ረድፍ ሁለተኛ ፊደልም ደብልዩ ነው። የሬድዮው መምረጫ 125 ላይ ነበር። የሞካው ቫልቭ በሎሚ ውሃ አድሮም አልለቀቀም፣ ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። የተበጠሰው ክር በጫማ ሰፊ ክር ተተክቶ፣ ሦስት ዙር ተኩል ላይ ካሬጁ እስከ መጨረሻው ሄዷል። ከአምስቱ ፊደላት አራቱ በሁለተኛው ዙር ጽዳት ተለቀቁ፤ አምስተኛው፣ ኤች፣ አሁንም ይያዛል፤ ክንዱ ትንሽ ታጥፎ የጎረቤቱን ጎን ይነካል። በፒንሳ ይቃና ወይስ የክንድ ማቃኛ መሣሪያ ያለው ሰው ጅማ ውስጥ ይፈለግ የሚለው ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ክሩ እዚያ ላይ ቆሟል።